ሆስተሷ ጓንት አጥልቃ፦ ከባልቲሞር ዴንቨር የርካሽ በረራ ግምገማ

ሰው ስለ በረራ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ምግቡን፣ መዘግየቱንና የጠፋውን ሻንጣ ነው። እኔ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ የማየው ፊቴ ያለውን የወንበር ኪስ ነው። ቀጥሎ የሚዘረጋውን ጠረጴዛ አውርጄ ጠርዙን እዳብሳለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ወንበሩ ከወለሉ ጋር የታሰረበትን ብረት አያለሁ። እዚያ ጥግ ፍርፋሪ ከተጠራቀመ ያ አውሮፕላን ዛሬ ቫኪዩም አልነካውም።

አመሉ የሥራ ነው። አሜሪካ እንደገባሁ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ደለስ ኤርፖርት በሌሊት ሺፍት አውሮፕላን ማጽዳት ነበር። ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። እዚያ ዊልቸር የሚገፋው፣ ሻንጣ የሚጭነው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ካቢን የሚያጸዳው ሐበሻ ብዙ ነው። ባጃችንን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን፣ ቫኪዩሙን እንደ ሕፃን አዝለን በጠባቧ መተላለፊያ እንገባለን፤ ሊነጋ ሲል እንወጣለን። ሥራውን ከተውኩት ቆይቻለሁ። ዓይኔ ግን አልተወውም።

እንግዲህ ይህን ግምገማ በዚያ ዓይን አንብቡልኝ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ታላቅ እህቴ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው የምትኖረው። እናቴን ይዤ ከባልቲሞር ወደ ዴንቨር በረርኩ። አየር መንገዱ ርካሽ ትኬት ከሚሸጡት አንዱ ነው። ስሙን አልጽፍም። የምናገረው ስለ አሠራሩ ነው፤ አሠራሩ ደግሞ የብዙዎቹ ነው።

ስለ ትኬቱ ባጭሩ፦ ዋጋው በጣም ጥሩ ነው። ሻንጣ ሲጨመር ጥሩ ብቻ ይሆናል። እናቴ ለእህቴ የያዘችው በርበሬና ሽሮ ከእኔ ወንበር ብዙም ባልራቀ ዋጋ ተጓዘ። ቦታው ጠባብ ነው። ጉልበታችሁ ረጅም ከሆነ እግዚአብሔር ይርዳችሁ። ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

አውሮፕላኑ ከሌላ ከተማ ዘግይቶ መጣ። ጌቱ መስኮት አጠገብ ቆሜ ተሳፋሪው ሲወርድ አየሁ። ዓይኔ የጽዳት ሠራተኞቹን መኪና ፈለገ። የለም። ቫኪዩም ያዘለ፣ የሶፍት ካርቶን የተሸከመ ሰው ወደ አውሮፕላኑ አልገባም። ቆሻሻ ይዞም የወጣ የለም። ወዲያው ገባኝ። እዚህ የሚያጸዱት ሆስተሶቹ ራሳቸው ናቸው።

እናቴ በዊልቸር ስለሆነች ቀድመን እንድንገባ ተደረገ። ሰዓቱ ስላለፈ ነው መሰለኝ ሆስተሶቹ ገና አልጨረሱም። አንዷ ሰማያዊ ጓንት አጥልቃ፣ ትልቅ ላስቲክ በግራ እጇ ይዛ፣ በቀኟ ከወንበር ኪስ የውኃ ጠርሙስ ታወጣለች። ፀጉሯ በሥርዓት ታስሯል። ሊፕስቲኳን ተቀብታለች። አንገቷ ላይ የአየር መንገዱ ሻርፕ አለ።

እናቴ እጄን ጎተተችኝ።

“ይቺ ሆስተሷ ናት?”

“አዎ እማዬ።”

“ጽዳቷስ የት ሄደች?”

“ጽዳት የላቸውም። እነሱው ናቸው።”

ዝም ብላ ትንሽ አየቻት። ከዚያ፣ “ምን በደለች?” አለችኝ።

እናቴን ለመረዳት ዕድሜዋን ማወቅ ያስፈልጋል። እሷ ባደገችበት አዲስ አበባ ሆስተስ መሆን ማለት ትልቅ ነገር ነበር። ሆስተስ የሆነች ልጅ ያለችበት ቤት በሰፈሩ ይታወቃል። ልጅቷ ከበረራ ስትመለስ ሕፃናት ሻንጣዋን ለማየት ይሰበሰባሉ። ቁመት፣ ቋንቋ፣ ጥርስ ሳይቀር ታይቶ ነው የሚገባው ይባል ነበር። ያቺ ሴት ጎንበስ ብላ የሰው ማስቲካ ስትለቅም ማየት ለእናቴ የሆነ ነገር እንደ መፍረስ ነው። ለእኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው። እኔ ያየሁት የድሮ ሥራዬን፣ ያለ ቫኪዩም፣ በሊፕስቲክ ሲሠራ ነው።

እናቴ የማታውቀው ነገር አለ። ሆስተስነት ሲጀመርም እንዲሁ ነበር። በፈረንጆቹ 1930 ኤለን ቸርች የምትባል ነርስ ቦይንግ ኤር ትራንስፖርት በሚባል ኩባንያ ተቀጥራ የመጀመሪያዋ ሴት የበረራ አስተናጋጅ ሆነች። እሷና አብረዋት የተቀጠሩት ነርሶች ቡና ብቻ አልነበረም የሚያቀርቡት። ካቢኑን ያጸዱ ነበር። የወንበሮቹ ብሎን ከወለሉ ጋር መጥበቁን ያዩ ነበር። ሻንጣም ያነሱ ነበር። ሥራው ከጽዳት የተላቀቀው በኋላ ነው። አውሮፕላኖቹ ሲተልቁ፣ አየር መንገዶቹ ጽዳቱን ምድር ላይ ላለ ሌላ ሠራተኛ ሰጡት። ቀስ በቀስም ለኮንትራት ድርጅት። እኔን የቀጠረኝም እንደዚያ ያለ ድርጅት ነበር።

ወደ ሆስተሶቹ የመለሰው ደግሞ ሰዓት ነው። በ1972 ሳውዝዌስት ገና ትንሽ የቴክሳስ አየር መንገድ ሳለ ገንዘብ አጠረውና ከአራት አውሮፕላኖቹ አንዱን ሸጠ። የበረራ ፕሮግራሙን ግን መቀነስ አልፈለገም። በሦስት አውሮፕላን የአራቱን ሥራ ለመሥራት መሬት ላይ የሚቆሙበትን ጊዜ ወደ 10 ደቂቃ አወረደ። 10 ደቂቃ ውስጥ የጽዳት ቡድን ገብቶ እስኪወጣ አይጠበቅም። ውስጥ ያለው ሰው ነው የሚለቅመው። ከዚያ በኋላ የመጡት ርካሽ አየር መንገዶች ትምህርቱን ወሰዱ። የአውሮፓው ራያንኤር እስከ ዛሬ በ25 ደቂቃ አውሮፕላን አዙሮ ይልካል። አውሮፕላን ገንዘብ የሚያመጣው አየር ላይ ሲሆን ነው። መሬት ላይ የቆመ ኪሳራ ነው።

የእናቴ የቦሌ አውሮፕላን ሌላ ዓለም ነው። ከደለስ ቦሌ 13 ሰዓት ገደማ ይበራል። ሲመጣ ደግሞ ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል፤ መሃል ላይ አርፎ ይቀዳል። እንደዚያ ያለ ትልቅ አውሮፕላን መድረሻው ላይ ለሰዓታት ይቆማል። የጽዳት ቡድን የሚገባበት፣ ብርድ ልብስ የሚሰበሰብበት፣ ምንጣፍ የሚጠረግበት ጊዜ አለ። ከባልቲሞር ዴንቨር የሚመላለሰው ትንሽ አውሮፕላን ግን በቀን ደጋግሞ ይነሳል፣ ያርፋል። በመሃል የሚተርፈው ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እሱም የሚወርደውን ሰው፣ የሚገባውን ሰው፣ ነዳጁንና ሻንጣውን ጨምሮ።

ወንበራችን ጋ ደረስን። ከሩቅ ሲታይ ያምራል። የወንበር ቀበቶዎቹ ሁሉ በመስቀል ተጠላልፈው ተቀምጠዋል። ይህ ነገር እኔን ያስቀኛል። ቀበቶ ማጠላለፍ በኛ ሥራ “ይህ ረድፍ ታይቷል” ማለት ነው። ሱፐርቫይዘሩ ከበሩ ላይ ቆሞ አንዴ ያያል፤ ቀበቶው ከተጠላለፈ ያልፋል። ተሳፋሪም ሲያየው ደስ ይለዋል። ቀበቶው ግን ስለ ጠረጴዛው ምንም አይናገርም።

ጠረጴዛውን አወረድኩ። የብርጭቆ ክብ ምልክት አለ፣ ደርቆ የሚያጣብቅ። ጁስ ነው። የእናቴ ኪስ ውስጥ የፒስታቺዮ ቅርፊትና የተጨማደደ ሶፍት አለ። መስኮቱ ላይ የሆነ ሰው ግንባሩን አስደግፎ ተኝቷል፤ ቅባቱ ማኅተም ሆኖ ቀርቷል። ወለሉ ላይ፣ ያልኳችሁ ብረት ጥግ፣ የብስኩት ፍርፋሪ። ዋይፕስ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛዎቹን፣ የእጅ መደገፊያዎቹንና የቀበቶ ማሰሪያዎቹን ጠረግኩ። እናቴ “ቤታቸው እንግዳ አስገብተው ሳይጠርጉ?” አለች። ይህን ለሆስተሷ አልተረጎምኩላትም።

ሰው አውሮፕላን ውስጥ አየሩን ይፈራል። እኔ አየሩን አልፈራም። አሁን ያሉት ጄቶች አብዛኞቹ ሄፓ የሚባል ማጣሪያ አላቸው። ከደቃቁ ብናኝ 99.97 በመቶውን ይይዛል። አየሩ በሰዓት ብዙ ጊዜ ይለወጣል። ጠረጴዛውን የሚለውጠው ግን የለም። ሕፃን ዳይፐር የሚቀየርበት፣ ሰው እግሩን የሚሰቅልበት፣ ከዚያ ሳንድዊች የሚቀመጥበት ያው ጠረጴዛ ነው። ዳይፐር ቀይሬ አላውቅም የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ከኪስ ውስጥ አውጥቻለሁ፣ ተጠቅልሎ፣ ሞቅ እንዳለ። ያደረጋችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

አውሮፕላን ጽዳት አንድ ዓይነት አይደለም። በቀን በበረራ መሃል የሚደረገው መልቀም ነው። ቆሻሻ ይነሳል፣ ቀበቶ ይስተካከላል፣ ኪስ ይፈተሻል፣ ላቭ (የአውሮፕላኑ ሽንት ቤት) ውስጥ ወረቀት ይሞላል። ሌሊት አውሮፕላኑ ሲያድር ግን ማጽዳት ነው። እኛ ሌሊት ስንገባ ሁለቱ ከኋላ፣ ሁለቱ ከፊት ይጀምራሉ፤ መሃል ክንፉ ጋ ይገናኛሉ። አንዷ ጠረጴዛ ብቻ ነው ሥራዋ፦ ማውረድ፣ መርጨት፣ መጥረግ፣ መመለስ። ሌላው ኪስ ብቻ። ሌላው ቫኪዩም። ላቭ የሚይዘው ሰው ሌላ ቦታ አይነካም፤ ጨርቁም ቀለሙ የተለየ ነው። የምንረጨውም ዝም ብሎ ከሱቅ የሚገዛ በረኪና አይደለም። ብረቱንና ሽቦውን እንዳይበላ ለአውሮፕላን የተፈቀደ መሆን አለበት። የሽንት ቤቱ ታንከር ደግሞ በውጭ በኩል ነው በመኪና የሚመጠጠው፤ እሱ የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ ከእኛ ጋር አይቀላቀልም። ስንጨርስ ሱፐርቫይዘሩ ባትሪ ይዞ ይመጣል። ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ አግድም ሲያበራው የቀረው እድፍ ሁሉ ይነሳል። ያቺን ባትሪ እስከ ዛሬ አልወዳትም።

ከዚያ በላይ ደግሞ ትልቁ ጽዳት አለ። የወንበር ልብስ ወልቆ የሚታጠብበት፣ ምንጣፍ የሚነሳበት። እሱ አውሮፕላኑ ለጥገና ሲገባ ወይም በተመደበለት ጊዜ ነው። ያንን የሚነካ ሆስተስ የለም።

እንግዲህ ሆስተሶቹ ቀን የሚሠሩት የመጀመሪያውን፣ መልቀሙን ብቻ ነው። ሂሳቡን ላስላላችሁ። የአሜሪካ ሕግ ለእያንዳንዱ 50 ወንበር ቢያንስ አንድ የበረራ አስተናጋጅ ይላል። 180 ወንበር ያለው አውሮፕላን አራት ይኖሩታል ማለት ነው። ለአንዷ 45 ወንበር ይደርሳታል። አሥር ደቂቃ ከተሰጣት ለአንድ ወንበር 13 ሰከንድ አላት። በ13 ሰከንድ ቆሻሻ አንስታ፣ ኪስ ዳብሳ፣ ቀበቶ አጠላልፋ ጠረጴዛ የምትጠርግ ሴት ካለች እኔ ራሴ ልቅጠራት። አራቱ ደግሞ ሁሉም ወንበር ላይ አይደሉም። አንዷ ላቭ፣ አንዷ የሚበላውና የሚጠጣው የሚዘጋጅበት ጋሊ ላይ ናት።

በረራው ላይ ያየኋቸው ሆስተሶች ግን ሥራቸውን በደንብ የሚያውቁ ናቸው። ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። የለቀመችው ሆስተስ ጓንቷን ገልብጣ አውልቃ ጣለች፤ እጇን ታጥባ ነው ወደ መጠጡ የመጣችው። አይቻታለሁ፤ የማይ ሰው ነኝ። በረራው ውስጥ ላስቲክ ይዘው ደጋግመው አለፉ። ላቭ በየጊዜው ይከፍታሉ፣ ያያሉ፣ ወለሉን በወረቀት ይጠርጋሉ፣ ቆሻሻ መጣያውን ይጫኑታል። ተሳፋሪው ይህን ጽዳት ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። በ1973 የብራዚሉ ቫሪግ አውሮፕላን ፓሪስ ኦርሊ ሊያርፍ ሲል ከኋላ ላቭ በተነሳ እሳት 123 ሰው ሞቷል። እሳቱ የጀመረው ከቆሻሻ መጣያው ሳይሆን አይቀርም፤ በሲጋራ። ላቭ ውስጥ ማጨስ ከተከለከለ ዘመን ቢያልፍም እስከ ዛሬ የሲጋራ መተርኮሻ እዚያ የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ከልክለው እንኳ የሚያጨስ ሰው ቢገኝ ወረቀት ውስጥ እንዳይጥለው። እኔ ያንን መተርኮሻ ሳጸዳ ማንም የማይጠቀምበትን ነገር ለምን እንደማጸዳ አንዲት የቆየች ኤርትራዊት ነግራኛለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ላቭ ውስጥ የወረቀት መጣያው ክዳን ካልገጠመ ለሆስተስ እናገራለሁ።

ሳሙና አልቆ ነበር። ይህንንም ልጻፈው። ከበረራው መሃል ጀምሮ የኋላው ላቭ ሳሙና የለውም። ስነግራት ይቅርታ ጠይቃ የእጅ ሳኒታይዘር ሰጠችኝ። መሙያው ምድር ላይ ነው፤ ምድር ላይ ደግሞ የሚሞላ ሰው አልገባም። ይህ የሆስተሷ ጥፋት አይደለም። የአየር መንገዱ ነው። ጽዳትን ከሥራ ዝርዝር አውጥቶ “ሆስተሶቹ ያዩታል” የሚል ኩባንያ ሳሙናውንም አብሮ ነው ያወጣው።

ዴንቨር ስንደርስ ሁሉም ወረደ። ዊልቸር ለሚጠብቅ ሰው የመጨረሻ መውረድ ነው ዕጣው። ዊልቸሩ ዘገየ። እኔና እናቴ ወንበራችን ላይ ሆነን ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየን። ለእኔ ከፊልም በላይ ነበር።

የመጨረሻው ተሳፋሪ በሩን ሳይሻገር ሁለቱ ከኋላ ጀመሩ። አንዱ ወንድ ነው፣ ረጅም፣ ኪስ ሲፈትሽ እጁን ሳይሆን መጀመሪያ ኪሱን በሁለት ጣት ከፍቶ ነው የሚያየው። ጎበዝ፤ ያለ ማየት እጅ መክተት እኛም የተከለከልነው ነው። መርፌ፣ ምላጭ፣ የተሰበረ ብርጭቆ ይኖራል። ሌላዋ ቀበቶ እያጠላለፈች ትከተለዋለች። ከፊት ያለችው ጋሊውን ትቆልፋለች። አራተኛዋ ላቭ ገባች። ጠረጴዛ የከፈተ የለም። አንዲት ሕፃን የረጨችው ብስኩት መተላለፊያው ላይ ነበር፤ የሚጠረግበት ነገር ስለሌለ ረጅሙ ልጅ በወረቀት ሰብስቦ ያነሳውን አነሳ፣ የቀረው ምንጣፉ ውስጥ ቀረ። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ ቆመው ከቦርሳቸው ሳንድዊች አወጡና ሁለት ሦስት ጊዜ ገመጡ። ቀጣዩ ተሳፋሪ ጌቱ ላይ ተሰልፏል።

ያቺ ሊፕስቲክ ያላት ሆስተስ አጠገባችን ቆማ ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ጠየቀችን። እኔም ይህን ሥራ ሠርቼው እንደማውቅ ነገርኳት። ፊቷ በራ። “የዚህ ሰዓት ይከፈላችኋል?” አልኳት። በሩን በአገጯ አሳየችኝ። “እሱ ሲዘጋ ነው መቆጠር የሚጀምረው” አለች። ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሚያስቅ ነገር ያየ ሰው ሳቅ አልነበረም።

ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በሰሜን አሜሪካ የሆስተስ ዋናው የሰዓት ክፍያ የሚቆጠረው ብዙ ቦታ አውሮፕላኑ ሲንቀሳቀስ ነው። ተሳፋሪ ሲገባ፣ ሲወርድ፣ መሃል ላይ ቆሻሻ ሲለቀም ሰዓቱ ቆሟል፤ ወይም የሚከፈለው ከፊሉ ብቻ ነው። ዴልታ አየር መንገድ በ2022 ተሳፋሪ ለሚገባበት ጊዜ የሰዓቱን ግማሽ መክፈል ሲጀምር ትልቅ ዜና ነበር። በኦገስት 2025 ደግሞ ከ10,000 በላይ የኤር ካናዳ አስተናጋጆች ሥራ ያቆሙት አንዱ ዋና ጥያቄያቸው ይኸው ነበር፦ ምድር ላይ የምንሠራው ይከፈለን። እኔ ሌሊት ስጠርግ ክፍያዬ ትንሽ ነበረች። ግን ከገባሁበት ደቂቃ ጀምሮ ትቆጠር ነበር። ሆስተሷ የእኔን ሥራ ነጻ እየሠራች ነው። ለዚህ ነው ትኬቱ ርካሽ የሆነው፤ በከፊል።

ታዲያ ሆስተስ ቆሻሻ ታንሳ ወይስ አታንሳ? ታንሳ። ክብሯ አይነካም። በበረራ ላይ መልቀሟ ለተሳፋሪውም ለእሷም ደኅንነት ነው፤ መተላለፊያ ላይ የወደቀ ጠርሙስ ሰው የሚያደናቅፍበት ቀን አለ። መሬት ላይም መልቀሟ ያስኬዳል፣ ከተከፈላት። እኔ የምቃወመው ሌላውን ነው። ለቅመው “ጸድቷል” ማለትን። ሌሊት ባይገቡ እንኳ በቀን አንድ ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ ቡድን ዋይፕስና ቫኪዩም ይዞ ለአሥር ደቂቃ ቢገባ ጠረጴዛው ይጠረጋል፣ ሳሙናው ይሞላል። ወጪው ትንሽ ነው። እነሱ የሚሰስቱት ደቂቃውን ነው።

ዊልቸሩ መጣ። የሚገፋው ልጅ ገና ከበሩ ሲያየን ፊቱን አነበብን፤ እሱም የእኛን።

“እማማ፣ እንደምን አሉ? ብዙ አስጠበቅኩዎት አይደል?”

“የኔ ልጅ! እዚህም አላችሁ?”

“እኛ የሌለንበት የት አለ እማማ። ቀስ ብለው ይቀመጡ፣ እግርዎን እዚህ ላይ ያድርጉ።”

እናቴ ከመነሳቷ በፊት የራሷን ቆሻሻ በፌስታል ቋጥራ ይዛ ነበር። የብርቱካን ልጣጭ፣ ሶፍት፣ የውኃ ኮዳ። ሆስተሷ ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። እናቴ እምቢ አለች። ግብግብ ሆነ። በመጨረሻ እኔ ተቀብዬ የሆስተሷ ላስቲክ ውስጥ ጣልኩት። እናቴ በዚህ ተቆጥታኛለች፤ ልጅቷን ሥራ አስጨምሬያታለሁና። ከዚያ ዞር ብላ “እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ የወለደች ትባረክ” አለቻት። ይህን ተረጎምኩላት። ሆስተሷ ምን እንደምትል ጠፍቷት ደረቷ ላይ እጇን አደረገች።

ነጥቤ እነሆ። ለሆስተሶቹ ከአምስት አምስት። ለዋጋው አራት። ለካቢኑ ጽዳት ሁለት፤ ሁለቱንም ያገኘው በሆስተሶቹ ላብ ነው። ለአየር መንገዱ ለራሱ ከጽዳት በኩል አንድ፤ እሱም በረራው ውስጥ ዋይፕስ ስጠይቅ ሳይከለክሉ ስለሰጡኝ።

እንደገና እበርበታለሁ ወይ? እበራለሁ። ገንዘብ ዛፍ ላይ አይበቅልም። ግን ሰዓት መርጬ። ማታ ላይ ያለው በረራ የቀኑን ሁሉ ፍርፋሪ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ጠዋት የመጀመሪያው ግን ካደረበት ነው የሚነሳው፤ ሌሊት የገባ ሰው አለ። ስንመለስ ከዴንቨር ጎህ ሲቀድ የሚነሳውን ይዘን ነበር። እናቴ በሌሊት ስለቀሰቀስኳት አኮረፈች። ገብተን ስንቀመጥ ጠረጴዛውን አወረድኩ፤ አያጣብቅም። ኪሱ ውስጥ የደኅንነት ካርዱ ብቻ አለ። ምንጣፉ ላይ የቫኪዩሙ መስመር ገና አልጠፋም፣ ከመስኮት ወደ መተላለፊያ የተሳበ፤ እኛም እንደዚያ ነበር የምንስበው። ላቭ ውስጥ ሳሙና ሞልቷል። ዋጋውም ከማታው በሃያ ዶላር ያንስ ነበር። ለገና እህቴ ጋ ስንሄድ የምቆርጠው ያንኑ የጠዋቱን ነው፤ እናቴ ታኩርፍ።